ሃያ ስድስተኛው ወንበር

የአልኮል ሽታ ለብዙ ሰው ሆስፒታል ያስታውሰዋል። እኔን የሚያስታውሰኝ ሰፊ ክፍል ነው፤ መስኮቱ የተከፈተ፣ ወንበሩ ተራርቆ የተደረደረ፣ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲሄድ ድምፁ እስከ ኋላ የሚሰማ ክፍል። ባለፈው ሳምንት ጅግጅጋ ውስጥ አንድ ፋርማሲ ገብቼ ተራ ስጠብቅ፣ ባለሙያዋ መስታወቱን በሳኒታይዘር ወለወለችው። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የመጣሁበትን ጉዳይ ረሳሁት። "እህቴ፣ ምን ልስጥሽ?" ስትለኝ ነው የነቃሁት።

ኮሮና በገባበት ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን አንድ የስምንተኛ ክፍል ብቻ ነበረው፤ እኛ ደግሞ አንድ መቶ አራት ነበርን። ለሦስት ሰው በተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ሆነን እንቀመጣለን። ዳር ያሉት ክርናቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ይጽፋሉ፤ መሐል ያለነው ደብተራችንን ጉልበታችን ላይ እናደርጋለን። እኔና ሳፊያ የመሐል ሰዎች ነበርን። ከስድስተኛው ረድፍ መሐል ሆኖ ሰሌዳው የሚታየው በሁለት ጭንቅላት መካከል ነው። የፊተኛው ልጅ ሲያዘነብል ግማሹ ስሌት ይሸፈናል፤ ቀና ሲል ደግሞ አስተማሪው ያንን አጥፍተው ሌላ ጽፈዋል። እውነቱን ለመናገር ብዙም አይቆጨንም ነበር። ሙቀት አለ፣ የሳፊያ ትከሻ አለ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ በነፋስ ቀስ እያለ ይንኳኳል። ስንት ቀን ዓይናችንን እንደገለጥን ተኝተናል።

ሳፊያ አባቷ የደገሀቡር መስመር የአይሱዙ ሹፌር ነበሩ። አማርኛን ከሰፈራችን ልጆች ለምዳ ከእኔ በላይ ትቀልድበት ነበር። ሲያስቃት "ወላሂ አባዮ!" እያለች ክንዴን ትቆነጥጠኛለች፤ አባዮ እህቴ እንደ ማለት ነው። እኔ የወታደር ልጅ ነኝ። አባቴ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር እኛ ጅግጅጋ ቀረን፤ እናቴም በልብስ ስፌት ታስተዳድረን ነበር። ሳፊያና እኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተለያይተን ተቀምጠን አናውቅም።

ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ የድንጋይ መሠረት ነበር። አራት ተጨማሪ ክፍል ሊሠራበት ተቆፍሮ፣ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ ፌሮው ቆሞ ቀረ። "በጀት ሲመጣ ይሠራል" ይሉን ነበር። አንደኛ ክፍል ሳለን በጀት የሚባለው ሰው ትልቅ ሻንጣ ይዞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ ግንበኛ ይመስለን ነበር። አንድ ቀን ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ግቢ ሲገባ "በጀት መጣ!" እያልን ግቢውን አናወጥነው። ሰውዬው ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ነበር። ስምንተኛ ስንደርስ በጀት ሰው እንዳልሆነ ገብቶናል። ፌሮው ግን ዝጎ እንደቆመ ነበር።

ያ ዓመት የሚኒስትሪ ዓመት ነው፤ ሚኒስትሪ ያላለፈ ዘጠነኛ አይገባም። ለእኔ መውደቅ ማለት የእናቴ ዝምታ ነበር። ለሳፊያ ግን ከዚያ የከፋ ነበር። አባቷ በግልጽ ነግረዋታል፤ ካለፈች ከተማ ትማራለች፣ ካላለፈች ከደምበል ከተማ ወጣ ብሎ ገጠር አያቷ ጋ ሄዳ አያቷን ትጦራለች። አንድ ላይ አልፈን፣ አንድ ዓይነት ዩኒፎርም ለብሰን፣ አንድ ባጃጅ ይዘን ወደ ሃይስኩል እንደምንሄድ ተማምለን ነበር። ዩኒፎርሙን እናቴ እንድትሰፋልን ሁሉ ተስማምታለች።

ታዲያ ከስድስተኛው ረድፍ ሆናችሁ እንዴት ስምንተኛ ደረሳችሁ ይባል ይሆናል። በቡድን ነዋ! አንድ ለአምስት ተደራጅተን ነበር። የቡድናችን መሪ ሆዳን የምትባል ልጅ ነበረች፤ ሒሳብ ለእሷ ጨዋታ ነው። እሷ ትሠራለች፣ እኔ እገለብጣለሁ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ስለነበር የቡድኑ ሥራ ሁሉ በእኔ እጅ ነበር የሚጻፈው። እንግዳ ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ የሚያሳዩት ደብተር የእኔን ነው። አስተማሪዎቼ ጎበዝ ይሉኛል፣ እናቴ ጎበዝ ትለኛለች፤ እኔም ከልቤ አምኜ ነበር። መልሱን በጄ ጽፌው የለ? ከዚህ በላይ ማወቅ ምንድን ነው? ሳፊያ እንኳ ከእኔ ትሻል ነበር፤ ቢያንስ እንደማታውቅ ታውቃለች።

የሒሳብ አስተማሪያችን ቲቸር አሰፋ ነበሩ። ከወሎ ተመድበው የመጡ፣ ጅግጅጋ ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው። በጣም እንፈራቸው ነበር፤ ከገቡበት ደቂቃ እስከሚወጡ ይጮኻሉ። "ገብቷችኋል?" ይላሉ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ። "አዎ ቲቸር!" እንላለን መቶ አራታችንም፣ የመስኮቱ ብረት እስኪነዝር። እኔ ቁጡ ሰው ይመስሉኝ ነበር። ቤታቸው ሲገቡም ባለቤታቸው ላይ እንደዚያ የሚጮኹ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ትምህርት ተዘጋ። ሳፊያን እናቷ ታናናሾቿን ጨምራ አያቷ ጋ ልትወስዳቸው ሆነ። የሄዱ ዕለት ጠዋት ሳፊያ እየሮጠች መጥታ በደብተሬ ጀርባ ስልክ ጻፈችልኝ። "የእናቴ ነው። ትምህርት ሲከፈት በዚህ ደውይልኝ፣ ሀዬ?" አለችኝ። "ሀዬ፣ እሺ" አልኳት። ክረምቱን ያሳለፍኩት ከእናቴ ጋር ማስክ ስሰፋ ነው።

በጥቅምት፣ ከሁሉም ክፍል በፊት ስምንተኛ ክፍል ብቻ ተመልሶ ለፈተና እንዲዘጋጅ ተባለ። ያን ጠዋት ግቢው ውስጥ ስገባ የት እንደገባሁ ግራ ገባኝ። በር ላይ በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ ቆሟል፤ ቢጫ ጀሪካን በእንጨት ላይ ታስሮ። ዘበኛው መዳፋችን ላይ አልኮል ያንጠባጥቡልናል። ግቢው ባዶ ነው። የትንንሾቹ ጩኸት የለም፣ አቧራው እንኳ የሚያስነሳው አጥቶ ተኝቷል። ሰልፍ ላይ ተራርቀን ቆመን ርዕሰ መምህሩ ተናገሩ፦ "ክፍሎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ በአራት ክፍል ትከፈላላችሁ። በአንድ ክፍል ከሃያ አምስት በላይ ክልክል ነው! ከሃያ አምስት አንድ ሰው ቢበልጥ ይዘጋና ሁላችንም ወደየቤታችን ነው!" ጣታቸውን እያወዛወዙ ነበር የተናገሩት። እኔም ቃል በቃል ወሰድኩት።

ሆዳን ሌላ ክፍል ደረሳት። እኔን መስኮት አጠገብ አስቀመጡኝ፣ ዴስኩ ላይ ብቻዬን። ክርኔን ዘረጋሁ፤ የሚነካው ሰው የለም። በመስኮቱ ካራማራ ይታያል። ስምንት ዓመት በዚያ ትምህርት ቤት ስማር ከክፍል ውስጥ ተራራ እንደሚታይ አላውቅም ነበር። ጠዋት ሰማያዊ ነው፣ ወደ ስድስት ሰዓት ቡናማ ይሆናል፤ ደመና ሲያልፍበት ደግሞ ግማሹ ይጠፋል።

ቲቸር አሰፋ ገቡና "እንደምን አደራችሁ" አሉ። ድምፃቸውን ስሰማ ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ቀና አልኩ። ለስላሳ፣ ዝግ ያለ፣ ትንሽ ጎርነን ያለ ድምፅ ነው። ለካ ቁጡ ሰው አልነበሩም። ለካ የሚጮኹት እኛ ስለበዛን ነው። ያን ቀን ስለ ሒሳቡ የሰማሁት ነገር የለም፤ ድምፃቸውን ብቻ እየሰማሁ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ስሜን ጠሩኝ። "ትዕግሥት፣ ነይ እስቲ ይህን ሥሪው።" ግማሽ ሲደመር ሲሶ። ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። እንዴት አድርጌ እንደጻፍኩት! መስመሩን ቀጥ አድርጌ፣ የእኩል ምልክቱን አሳምሬ። ከዚያ ቆምኩ። ከኋላዬ ሃያ አራት ልጅ ይጠብቃል። እንደ ድሮው የሚያንሾካሹክልኝ አልነበረም። ሁለት አምስተኛ ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልሳቀም፤ ግማሾቹም እንደዚያው ብለው ሊጽፉ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ቲቸር ደብተሬን ገለጡት። "ይህን ሁሉ የሠራው ማነው?" አሉኝ።

"ሆዳን።"

"የጻፈውስ?"

"እኔ።"

ደብተሩን ከደኑት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተቆጡም። "በዚህ ጽሕፈት እኔንም አታለልሽኝ" አሉ። "እዚያ ትልቁ ክፍል ውስጥ አንቺን ማየት አልችልም ነበር፤ አሁን አይቼሻለሁ። ከወደቅሽ ደግሞ የምትመለሺው ወደዚያው ክፍል ነው። እኔም እዚያ ገብቼ መጮኼ ነው። ስለዚህ ከአራተኛ ክፍል እንጀምራለን።"

ከአራተኛ ክፍል ጀመርን። እንደኔ ያሉ ስድስት ልጆች ነበርን፤ በእረፍት ሰዓት በር ላይ ያለውን ጀሪካን ከበን እንቆማለን። ቲቸር በጠመኔ ጀሪካኑን በስድስት እኩል ቦታ አሰመሩት። "ግማሹ ስንት መስመር ነው?" ሦስት። "ሲሶውስ?" ሁለት። "ሲደመር?" አምስት መስመር፣ ከስድስት። ከጀሪካኑ ጎን ፀሐይ ገብቶ ውሃው ወርቅማ ሆኖ ነበር፤ አምስተኛው መስመር ላይ ውሃው ሲረጋ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ድረስ ገባኝ። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም። እስከ ቤቴ እየዘለልኩ ሄድኩ፤ እናቴ "ምን አግኝተሽ ነው?" ስትለኝ "አምስት ስድስተኛ" አልኳት።

እነዚያን ሳምንታት ሳስብ እንደ አንድ ረጅም ጠዋት ነው የሚመጡልኝ። ነፋሱ መጋረጃ በሌለው መስኮት ይገባል፣ ጠመኔው ይሰማል፣ ቲቸር በወንበሮቹ መካከል እየተራመዱ የእያንዳንዱን ደብተር ጎንበስ ብለው ያያሉ። የሚያልፉበት ቦታ ነበራቸው! ድሮ ከሰሌዳው ሦስት እርምጃ መራቅ አይችሉም ነበር። አጠገቤ ሲደርሱ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ "ጥሩ ነው" ብለው ያልፋሉ። ለዚያች "ጥሩ ነው" ስል ማታ ማታ እየሠራሁ አነጋ ነበር።

በየጠዋቱ ደግሞ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ከእኔ ጋር ሃያ አምስት። ልክ ሃያ አምስት። ከኋላዬ አንድ ባዶ ወንበር ነበር፤ ቲቸር ኮታቸውን ስለሚያኖሩበት የእሳቸው ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ቲቸር ስም ሲጠሩ ቆም አሉ። "ሳፊያስ? ያችን ልጅ የሚያውቃት አለ?"

ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። "ደምበል ናት። ስልክ አለኝ፤ እኔ እደውልላታለሁ።"

ልደውል ነበር፤ ወላሂ ልደውል ነበር። ወደ ቤት ስሄድ ግን መንገድ ላይ ቁጥሩ መጣብኝ። ሳፊያ ከመጣች ሃያ ስድስት ነን። ሃያ ስድስት ከሆንን ይዘጋል። መስኮቱ፣ ተራራው፣ ጀሪካኑ፣ ያ ዝግ ያለ ድምፅ፣ ሁሉም በአንድ ሰው ምክንያት ይሄዳል። ገና እኮ ማካፈል አልጀመርኩም። ማካፈልን ልጨርስና እደውላለሁ አልኩ። ሳፊያን ጠልቼ አይደለም። እንዲያውም በልቤ ይቅርታ እጠይቃት ነበር፤ እኔ ተምሬ አስተምርሻለሁ እላት ነበር።

ሰኞ ቲቸር ጠየቁኝ። "ደወልሽላት?"

"ኔትወርክ የለም ይላል።"

ከደምበል ወጣ ብሎ ኔትወርክ የለም ማለት ማንም የሚያምነው ነገር ነው። "ደግመሽ ሞክሪ" አሉኝ። በሚቀጥለው ሰኞም ጠየቁኝ፤ በሚቀጥለውም። "ይጠራና ይቆረጣል" አልኩ፤ ውሸቱ ጎበዝ እየሆነ መጣ። "እግዜር ይስጥሽ፣ አትሰልቺ" አሉኝ። ያን ጊዜ ፊቴን ማስኩ ሸፈነልኝ።

በአራተኛው ሳምንት ሌሎቹ ክፍሎችም ሊመለሱ ሆነ። ክፍሎቹ ለትንንሾቹ ይፈለጋሉ፤ እኛ ከሰኞ ጀምሮ ወደ አንድ ክፍል እንድንመለስ ተባለ። ርቀት ጠብቁ የሚለው ወረቀት በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነበር። ዓርብ ዕለት ከትምህርት ስወጣ የማጣው ነገር አልነበረኝም። በእናቴ ስልክ ደወልኩ።

አንዴ እንኳ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ። በስልኩ ውስጥ ነፋስ ይሰማል።

"ቲጂ?" አለች ሳፊያ፤ ራሷ ነበረች። "አባዮ፣ አንቺ ነሽ? ተከፈተ?"

"ተከፍቷል። ነይ" አልኳት።

ከሦስት ቀን በኋላ የእህል መኪና ላይ ተሳፍራ መጣች። ፀሐይ አጥቁሯታል፣ ቁመቷም ጨምሯል። ስድስተኛው ረድፍ ላይ እንደ ድሮው መሐል ገባን። ቲቸር አሰፋ እንደገና መጮኽ ጀመሩ። እኔ አሁን ይገባኛል፤ የፊተኛው ልጅ ግማሹን ቢሸፍነውም የተሸፈነውን እሞላዋለሁ። ሳፊያ ደብተሬን እያየች ትገለብጣለች። በእረፍት ሰዓት ጀሪካኑ ጋ ወስጃት ላስተምራት ሞከርኩ፤ ግን ግቢው በልጅ ተሞልቶ ውሃው ቶሎ ያልቃል፣ ትንንሾቹም ይገፉናል። ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር የቀረን።

አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ ቲቸርን ጠየቅኳቸው። "ቲቸር፣ ሳፊያ ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ ክፍላችን ይዘጋ ነበር? ሃያ ስድስት እንሆን ነበር እኮ።"

ከልባቸው ሳቁ። "አንድ መቶ አራት ያስተማርኩ ሰው በአንድ ልጅ እሞታለሁ? ያማ ማስፈራሪያ ነው።" ከዚያ ፈተና እንደሚሰጥ ሰው ጣታቸውን ቀሰሩ። "እስቲ በቃልሽ፣ አንድ መቶ አራት ለአራት ሲካፈል?"

"ሃያ ስድስት" አልኩ። ወዲያው ነው ያልኩት፤ ማሰብም አላስፈለገኝም።

"ጎበዝ! ለእያንዳንዱ ክፍል ሃያ ስድስት ወንበር ነው ያስገባሁት። ከኋላሽ የነበረው የእሷ ነበር፤ እስክትመጣ ኮቴን አኖርኩበት እንጂ።" ማካፈል በመቻሌ ተደስተው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የተማርኩትን ሁሉ መልሼ መስጠት ብችል ያን ሰዓት እሰጥ ነበር።

ፈተናውን ተፈተንን። ውጤት በወጣ ዕለት እኔ አለፍኩ። በእረፍት ሰዓት ጀሪካን ከከበብነው ስድስት ልጆች አምስታችን አለፍን፤ በትምህርት ቤታችን እንደዚያ ዓመት ብዙ ሰው አልፎ አያውቅም አሉ። ሰዎች ኮሮናው ቤት አስቀምጦ እንዲያጠኑ አደረጋቸው ይሉ ነበር። ሳፊያ በትንሽ ነጥብ ወደቀች፤ የጣላት ሒሳብ ነበር። አባቷም እንዳሉት አደረጉ።

ልትሄድ ስትል ቤታችን መጣች። እናቴ በስፌት መኪናዋ ላይ የእኔን ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር፤ ሳፊያ ጨርቁን በእጇ ዳሰስ አድርጋ "ያምርብሻል" አለችኝ። አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሷም ስላለፍኩና ስለምንለያይ የማለቅስ መስሏት አቀፈችኝ።

"ቲቸር ነገሩኝ" አለችኝ ጆሮዬ ሥር። "በየሳምንቱ ስትደውይልኝ ነበር አሉ። ወላሂ አባዮ፣ ማንም እንዲህ አያደርግም።"

ፊቴን ትከሻዋ ላይ ደበቅኩ።

"አያቴ ቤት ኔትወርክ የለም፤ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ነው። እኔም የእናቴን ስልክ ይዤ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ እዚያ እቀመጥ ነበር፤ ምናልባት ትደውዪ ይሆናል ብዬ።" ትንሽ አሰበች። "ከወረድኩ በኋላ ደውለሽ ይሆናል። ቶሎ ባልወርድ ጥሩ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

እናቴ መኪናዋን አቁማ ታዳምጠን ነበር። ሳፊያ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀችኝ።

"ይሆናል" አልኳት።